ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል

ቆዳ ነጋዴ ነኝ፤ ለጫማ ሰፊዎችና ለቦርሳ ሠሪዎች የለፋ ቆዳ አቀርባለሁ። የምልከውንም የሚደርሰኝንም ደብዳቤ በዕለት ደብተሬ መገልበጥ የቆየ ልማዴ ነው። እዚህ ያሉት ከአክስቴ የልጅ ልጅ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። ባሏ ሲሞትባት ውጭ አገር ሄዳ በአንድ ሆስፒታል ልብስ አጠባ ክፍል ተቀጠረች፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን ለእኔና ለባለቤቴ ተወችልን። ያየውን ሰው ሁሉ ስለሚያዝዝ «ሻለቃው» እንለዋለን። በደብዳቤዎቹ መካከል የገባው የራሴ ማስታወሻ ነው፤ እሱን አላየችውም።

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ፤

ጤናሽ እንደምን ነው? እጅሽ ሥራ፣ ጉልበትሽም ብርታት አይጣ። እኛ ከሚመላለስብን ጉንፋን በቀር ደህና ነን። ሻለቃው በልቶ ይጠግባል፣ ተኝቶ ያድራል። ትናንት ሱቅ የገባን ጫማ ሰፊ «ጫማህን አውልቅ፣ ተጠርጓል» ብሎ አዘዘው። ሰውዬውም ቆሞ ፈታ።

አንድ ጉዳይ አለ። እንዴት አድርጌ ለአንቺ እንደምጽፈው ሳስብ ሦስት ቀን አለፈኝ። ልጁ ያለጊዜው ተወልዶ ደካማ ስለነበር «ትንሽ ይጠንክር» ተብሎ ሳይገረዝ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ከዚያ ነገር በነገር ላይ ሲደራረብ ተረሳ። አሁን እትዬሽ ስታጥበው ቆዳው ጠባብ ነው፣ ወደ ኋላ አይሸሽም። ሲሸናም መጀመሪያ ጫፉ እንደ ፊኛ ይነፋል። ጎረቤታችን መርፌ ወጊው «ተዘግቷል፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ሽንቱ ወደ ውስጥ ይመለስበታል» ይላል። አንቺ ያለሽው ሐኪም በሞላበት ነውና ጠይቀሽ ጻፊልን። ሌላ ነገር እንዳትልኪ፤ መልሱ ብቻ ይበቃናል።

ጋሼሽ

ደብተር፣ የዚያው ዕለት

ያልጻፍኩላት፦ ልጁን ምንም አያመውም። ሲሸና ይስቃል እንጂ አያለቅስም። የታመመ የሚመስለው መርፌ ወጊው ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይለኛል።

ባለቤቴን «እሱ መርፌ እንጂ ምላጭ መቼ ያዘና ነው?» አልኳት።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?»

«ቆዳ አውቃለሁ።»

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለጋሼና ለእትዬ፤

ልጄን እንደያዛችሁልኝ እናንተንም ክፉ አይንካችሁ። እኔ ደህና ነኝ። አንሶላው በሸራ ከረጢት ይመጣል፣ በከረጢት ይሄዳል፤ ቀኑን የማውቀው በከረጢት ቁጥር ሆኗል። ትናንት መቶ አሥር ነበር። እጄ በሳሙና ተላልጦ እስክሪብቶ በቅጡ ስለማይዝ ጽሑፌ ቢያስቀይም ይቅር በሉኝ።

የጠየቁኝን የሕፃናት ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የጠየቅኋት። አትስጉ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል ብላለች። በየቀኑ ሲታጠብ ይሳብ። ይህችን አደራ።

ሻለቃዬን ጉንጩን ሳሙልኝ።

ልጅዎ

ደብተር፣ ጥር 3

ደብዳቤውን ያመጣው እሷ ያለችበት አገር ድረስ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር አራት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነበር፤ በላብ ርሷል። ለባለቤቴ አነበብኩላት።

«ይሳብ?» አለች።

«ይሳብ ይላል።»

«የአራት ዓመት ልጅ?»

«ቆዳ እንዴት እንደሚለሰልስ እኔን ልታስተምሪ ነው? ዘይት ትቀቢዋለሽ፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ትስቢዋለሽ፣ በሳምንቱ እንደ ጨርቅ ይሆናል።»

«ያ እኮ የሞተ ቆዳ ነው» አለች።

ደብዳቤው ግን እጄ ላይ ነበር።

ጥር 5

ባለቤቴ አንድ ቀን ሞከረችው። ልጁ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ወረወረችና «የተጻፈው ላንተ ነው፤ አንተው እጠበው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማጥበው እኔ ነኝ።

ጥር 9

ፎጣው ላይ ደም አየሁ። ሁለት ጠብታ ብቻ ነው። ልጁ ዛሬ ማንንም አላዘዘም።

ጥር 10

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ በሰላም ገብቷል። እጅሽን ቅባት ቢጤ እየቀባሽ ያዢው፤ እጅ ከሌለ ምን አለ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ሻለቃውም ደህና ነው። ያልሽውን እያደረግን ነው።

አደራ፣ ለቁስል የሚሆን ቅባት ከሆስፒታላችሁ ቢገኝ በዚሁ ሹፌር ላኪልኝ። የሱቅ ሠራተኛዬ እጁን ቆርጦት ነው።

ጋሼሽ

ደብተር፣ ጥር 11

ልጁ ከጧት ጀምሮ ሽንቱን ያዘ። «ሽና» ሲሉት ጉልበቱን ገጥሞ ጥግ ይቆማል። ሰባት ሰዓት ሲሆን አቅፌው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛዋ ሲስተር ጠና ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። መነጽሯን አድርጋ ልጁን አየችና አወለቀችው።

«ማን ነው የሳበው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። ማስረጃዬ ነው ብዬ ይዤው ነበር። «ይሳብ ይላል፤ ይኸው።»

መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው፣ ዘቀዘቀችው፣ መለሰችልኝ። «አባቴ፣ እዚች እጥፋቱ ላይ ምን ነበረች?»

እኔም መስኮቱ ጋ ቆምኩ። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ በላብ ሄዷል። ከ«ይሳብ» በፊት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ቀርተዋል። አ ነበረች። አይሳብ።

«ተቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «ወንድ ልጅ ሲወለድ ቆዳውና ከሥሩ ያለው አንድ ላይ ተጣብቀው ነው የሚወለዱት፤ ጥፍርዎ ከጣትዎ ጋር እንደተጣበቀው። ቀስ እያለ በራሱ ይላቀቃል። አንዱ በሦስት ዓመቱ፣ አንዱ በአሥር፣ አንዱ ጢሙ ሊመጣ ሲል። እስኪ ልየው ብዬ የእርስዎን ጥፍር ልገንጥለው?»

«መንፋቱስ?»

«ካላመመው፣ ሽንቱም ከወረደለት ምንም አይደለም። ቆዳው መላቀቅ ሲጀምር ብዙዎቹ እንዲያ ያደርጋቸዋል። የሚያስፈራው ሽንት እንቢ ሲል፣ ሲያብጥና ሲቀላ፣ መግል ሲኖረው፣ ትኩሳት ሲይዘው ነው። ይህ ልጅ ሽንት እንቢ ያለው ስላቃጠለው ነው። ያቃጠለው ደግሞ ስለተቀደደ ነው።»

ሳፋ ለብ ባለ ውሃ አስሞልታ አስቀመጠችው። እዚያው ውሃው ውስጥ ሸና። ሲጨርስ እኔን ሳይሆን እሷን አየ።

«ይድናል» አለችኝ ስንወጣ። «ግን ሲድን ጠባሳ ከያዘ፣ ጠባሳ አይለጠጥም። ያኔ መቆረጡ ላይቀር ይችላል።»

«መቼ ይታወቃል?»

«ሲያድግ።»

«ስንት ዓመቱ ላይ?»

«እኔ እንጃ። አሥር፣ ከዚያም በላይ። አይንኩት። ከውጭ ብቻ ይታጠብ። ይጠብቁ።»

መጋቢት 2

ይድረስ ለጋሼ፤

ቅባቱን ልኬያለሁ። ጋሼ፣ ሱቅዎ ሠራተኛ ኖሮት አያውቅም። እጁ የተቆረጠው ማን ነው?

ሐኪሟ ያለችኝን ኀፍረት ይዞኝ ባጭሩ ጻፍኩት። አይሳብ ብዬ ነበር። አደራም ብዬ ነበር። ልጄን ነክታችሁታል?

መጋቢት 19

ይድረስ ለልጄ፤

ልጁ ድኗል፣ ይሸናል፣ አያመውም። አስቀድመሽ ይህን እወቂ።

በወረቀቱ ላሳብብ ነበር። ሹፌሩ አርሶት አ ከእጥፋቱ ላይ ጠፍታለች፤ ደብዳቤው አሁንም አለ፣ ብትፈልጊ እልከዋለሁ። ግን ልጁ ጮኾ ነበር፤ ጩኸቱ አልጠፋብኝም። እትዬሽም ተው ብላኝ ነበር። እኔ የቆዳ ነገር የማውቅ መስሎኝ በእጄ ሳብኩት፤ አምስት ቀን። ተቀደደ። ሲስተር ጠባሳ ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው ሲያድግ ነው ብላለች፤ ይዞ ከሆነ ሊቆረጥ ይችላል። ሠራተኛ ያልኩሽ ውሸት ነው።

እሱን ከእኛ ልትወስጂ ብትፈልጊ ምክንያት አለሽ። ዝም ብትዪኝም አልቀየምም።

ጋሼሽ

ደብተር፣ ሰኔ 6

ሹፌሩ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን። በመጨረሻው «ሴትዮዋ ሰላም ናት፤ ግን ወረቀት ስላት እንዳልሰማ ሰው ታልፈኛለች» አለኝ።

ባለቤቴ ልጁን ታጥባለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሱቅ እሆናለሁ፤ ሥራ ባይኖርም። እኔን ሲያይ ፎጣውን ይዞ ይሸሻል። መሸሹ ተገቢ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር 14

ይድረስ ለእርስዎ፤

ልወስደው አልችልም። ከአምስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ አልጋችን ተራ በተራ ነው። ይህን ሳስብ ከረምኩ። ያለ እናንተ ማንም የለውም፤ ያለ እናንተ ቢኖረው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ሐኪሟን እንደገና ጠየቅኋት፤ አሁን ፊቴን ሳላዞር። ጫፉ ላይ ነጭና ደረቅ ቀለበት ከያዘ፣ ሽንቱ እንደ ክር ከቀጠነ፣ ጠባሳ ነው፣ አሳዩት ብላለች። ካልሆነ ጠብቁ።

በየዓመቱ በዚህ ወር ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ይሸናል ወይ? ያመዋል ወይ? ሌላ አያስፈልገኝም።

ጥር 30

ይሸናል። አያመውም። ቀለበት የለም፤ ያየችው ሲስተር ናት።

ደብተር

ከዚህ በታች ለመጻፍ ብዙ ፈልጌ ነበር። ፊደል መቁጠር እንደጀመረ፣ ጥርሱ እንደነቀለ። አልጠየቀችም። አሽጌ ላክሁት።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር 22

ይሸናል። አያመውም።

መልስ፦ ደረሰኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት 8

ይድረስ ለልጄ፤

ወሩ አይደለም፤ ግን ሳይነግሩኝ ቀሩ እንዳትዪ። ሻለቃው ሰባት ሊሞላ ነው። እትዬሽ ከቆዳው ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ነጭ እብጠት አየች። መግል ነው፣ የእኔ እጅ ያመጣበት ነው ብዬ እያንጠለጠልኩ ይዤው ሄድኩ። እሱ ግን መንገዱን ሁሉ «አውርደኝ፣ እግር አለኝ» እያለ ነበር።

ሲስተር ዳሰሰችውና ሳቀች። ቆዳው ሲላቀቅ የሚረግፈው ሙት ቆዳ ተጠራቅሞ የሚሠራት ናት፤ አትጨመቅም፣ አትነካም፣ መንገድ ስታገኝ ራሷ ትወጣለች አለች። «እንዲያውም ደስ ይበላችሁ፤ እየለቀቀ ነው» አለች። ከጠባሳው ግን ገና ነጻ አይደለንም፤ እሱንም አልደበቀችኝም።

ጋሼሽ

ሐምሌ 1

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሥራ ላይ ነው ያነበብኩት፤ ከረጢት ላይ ተቀምጬ። «መግል» የሚለው ላይ ስደርስ ቀጣዩን መሥመር ማንበብ ፈርቼ አጠፍኩት። ማሽኑ አንድ ዙር እስኪጨርስ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ከፈትኩት።

አለቃዬ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። «አይ፣ የሩዝ ፍሬ ነው» አልኳት። ያበድኩ መስሏታል።

«እግር አለኝ» አለ? እንደ አባቱ ነው።

እትዬን ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ

ደብተር

«ጋሼ» ብላ ጻፈች። ባለቤቴ ደብዳቤውን ተቀብላኝ ሁለት ጊዜ አነበበችና ድስቷን ለማማሰል ሄደች።

በሰባተኛው ዓመት፣ ጥር 17

ይድረስ ለልጄ፤

ይሸናል፣ አያመውም። ጫፉ ላይ መጠነኛ ይሸሻል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሲስተር በአሥር ዓመት ይህ ያለ ነው ትላለች። በጡረታ ልትወጣ ነው፤ ለተተኪዋ አስረክባን ነው የምትሄደው፣ እንደ ዕቃ።

መርፌ ወጊው ትናንት ሱቅ መጥቶ «ልጁ እስካሁን?» አለኝ። «እስካሁን» አልኩት። «ዘገየ እኮ!» አለ። ሻለቃው ከቆዳው ጥቅል ጀርባ የቤት ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ቀና ብሎ «እርስዎ ጋ ወረፋ አለኝ እንዴ?» አለው። ሰውዬው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ወጣ።

ዘንድሮ እመጣለሁ ያልሽውስ ምን ደረሰ?

ጋሼሽ

መልስ፦ ለጋሼ። ደረሰኝ። ፈቃድ አልሰጡኝም። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ረጅም ጊዜዬ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ጥር 15

ይድረስ ለልጄ፤

እትዬሽ ጉልበቷን ታማለች፣ ሱቁም ቀዝቅዟል፤ ሰው ፕላስቲክ ጫማ ነው የሚያደርገው። ስለ ልጁ የምጽፍልሽ ግን ዘንድሮ አጣሁ። ወደ አሥራ ሁለት ገብቷል፣ በሩን ዘግቶ ራሱ ይታጠባል። ልየው የሚባል ነገር አልፏል። ልጠይቀው ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ስለ ትምህርት ጠየቅሁት። እንደሚሸናና እንደማያመው እትዬሽ ጠይቃልኛለች። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ጋሼሽ

ደብተር፣ በአሥረኛው ዓመት፣ ጥር 12

ከምሳ በፊት ሱቁ ሰው አልነበረውም። ሻለቃው የሶል ቆዳ በመጠን እየለየ ይደረድርልኛል። አሥራ ሦስት ሊሞላው ነው፤ ከትከሻዬ በላይ ሆኗል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አልኩት።

«አውቀዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ጥር በገባ ቁጥር ፊትህ እንዲህ ይሆናል። ለእማዬ የምትጽፈው ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ፎጣውን፣ እጄን። ሳላሳጥር። ቆዳ መደርደሩን አላቆመም።

«ፎጣው ትዝ ይለኛል» አለ ስጨርስ። «ሰማያዊ ነበር።»

«አዎ።»

«አንተ እንደሆንክ ግን ትዝ አይለኝም ነበር።»

ባልነግረው ኖሮ ላያውቅ ነበር ማለት ነው። ብነግረው ይሻላል ማለቴን ያን ጊዜ ትንሽ ተጠራጠርኩት።

አንዱን ቆዳ አንስቶ ሌላው ላይ አስተካክሎ ጣለው። «ከክረምት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ። አያመኝም፣ ቀለበት ምናምን የሚሉትም የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ አሳይቻለሁ። ወንድ ነርስ አለ አሁን። ጤነኛ ነህ፣ የሚቆረጥ ነገር የለም አለኝ።»

«መቼ ሄድክ?»

«አንተ ቆዳ ልትገዛ የሄድክ ጊዜ።»

«ስትታጠብ ወደ ቦታው መልሰው እሺ? ሳትመልሰው እንዳትቀር፣ ያብጣል...»

«ጋሼ።»

«እ?»

«ነግሮኛል።»

ወደ በሩ ሄዶ ቆመ። ተቆጥቶኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እያሰብኩበት ነው» አለኝ።

ጥር 13

ይድረስ ለልጄ፤

ጠባሳ የለም። አይቆረጥም። ቆዳው በራሱ ጊዜ ለቋል፤ ልጁ ራሱ ሄዶ አሳይቶ፣ ራሱ ነው የነገረኝ። እኔም የሠራሁትን ነግሬዋለሁ።

ጋሼሽ

መጋቢት 28

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ ከሥራ ልብሴ ጋር ተኛሁ። አላለቀስኩም፤ እንቅልፍ ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመት የቆየ እንቅልፍ።

ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ አይጻፉልኝ፤ የእሱ ነው፣ እኔንም እርስዎንም አያገባንም። ነገር ግን ብዕር ስይዝ ምን እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ዓመት በዓመት ይሸናል፣ አያመውም ሲሉኝ ልጄን በዚያ በኩል ብቻ ነው የማውቀው። ምን ይወዳል? ምን ያናድደዋል? ድምፁ ወፍሯል? ይጻፉልኝ። ሰው ሲጠይቅዎ የሚመልሱትን ሳይሆን፣ የሚያውቁትን።

ልጅዎ

ደብተር፣ ሚያዝያ 10

ልመልስላት ተቀመጥኩ። «ድምፁ ወፍሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ ያ እውነት ነው። «የሚወደው» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። አሥር ዓመት አብሬው ስበላ፣ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለቤቴን ጠራኋት፤ «ኳስ ይመስለኛል» አለች፣ «ወይስ ሥዕል?»

ሻለቃውን ጠራሁት። «እናትህ፣ አንተ ምን እንደምትወድ ትጠይቃለች።»

«ለማን ነው የጻፈችው?»

«ለእኔ።»

«ታዲያ መልስላታ።»

«አላውቀውም።»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ከፊቴ ብዕሩን ወሰደ፣ አራት ሉክ ወረቀት ቆጠረ፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ሱቅ ወረድኩ። አንድ ጫማ ሰፊ ሶል ሊመርጥ መጥቶ ያንን አንስቶ ይህን ሲጥል ቆየ፤ ልቤ ከእሱ ጋር አልነበረም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ባለቤቴ ከላይ «ምሳው ቀዘቀዘ!» ብላ ጮኸች። የእሱ በር ሲከፈት አልተሰማም።

ቆይቶ ደረጃው ላይ እግር ሰማሁ። ጣቱ በቀለም ተነክሯል።

«ጋሼ፣ ወረቀት አለቀብኝ» አለ።

ጫማ ሰፊውን ሱቁን ጠብቅ አልኩት፤ ሂሳብ እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው ነው። ልገዛለት ወጣሁ።